የአሳ ትል ቆጥሬ ማን ይቀጥረኛል?

ጥያቄ፦ በባዮሎጂ ከተመረቅኩ ሶስት አመት ሆነኝ። ባህር ዳር አካባቢ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ዘንድሮ ማስተርስ ጀምሬያለሁ። አማካሪዬ ያቀረቡልኝ ርዕስ የጣና አሳ ላይ ያሉ ጥገኛ ተውሳኮች ከወቅት ወቅት እንዴት እንደሚለዋወጡ ማጥናት ነው። እኔ ወድጄዋለሁ። እናቴ ግን «የአሳ ትል ቆጥረሽ ማን ይቀጥርሻል?» ትለኛለች። ጓደኞቼ ደግሞ ወደ ሕብረተሰብ ጤና ቀይሪ ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከእናትሽ ልጀምር፤ ያሉት እውነት አለውና። «የአሳ ተውሳክ ባለሙያ እንፈልጋለን» የሚል ማስታወቂያ እኔ እስከ ዛሬ አላየሁም። «በአሳ ሀብት»፣ «በውሃ ሳይንስ»፣ «በእንስሳት ጤና»፣ «ረዳት ተመራማሪ» የሚሉትን ግን አይቻለሁ። እዚያ ቃለ መጠይቅ የሚያደርግልሽ ሰው ስለ ትል ብዙም አይጨነቅም። በእጅሽ ምን መስራት እንደምትችዪ ነው የሚጠይቅሽ። ስለዚህ ርዕሱን በስሙ አትመዝኚው። አመቱ ሲያልቅ ምን አስይዞ ይሸኝሻል? በዚያ መዝኚው።

ይህን የምልሽ ከሩቅ ሆኜ አይደለም። ወደ ምክር ስራ ከመግባቴ በፊት ሀዋሳ ላይ ለጥቂት ወራት የአንድ ተመራማሪ ረዳት ነበርኩ። ማለዳ አሞራ ገደል ወደሚባለው የአሳ ገበያ እንወርዳለን። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጥራጊ እየጠበቁ ቆመዋል፤ እኛ ቆሮሶ የሚባለውን አሳ እንገዛለን። የመጀመሪያውን ሆድ ስከፍት ንጹህ መሰለኝና ልጥለው ነበር። ተመራማሪው «ልቡን እይ» አለኝ። የልቡን ከረጢት በመቀስ ጫፍ ስነካው እንደ እስክሪብቶ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ትል ተፈታ። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ሌላ። ኮንትራሲከም የሚባለው ነው። አጠገባችን ሰዎች ጥሬ አሳ በዳጣ እየበሉ ነበር። እኔ ያን ቀን ምሳዬን ሽሮ በላሁ።

የዚያ ትል ጉዞ ርዕስሽ ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ ያሳይሻል። ትሉ የሚያድገው አሳ ውስጥ አይደለም። ፔሊካን እና ኮርሞራንት የምትባለው ጠላቂ ጥቁር ወፍ ሆድ ውስጥ ነው። እንቁላሉ ከኩሳቸው ጋር ውሃ ላይ ይወድቃል። ከዚያ በአይን ለማየት የሚያስቸግሩ የውሃ ነፍሳት ይበሉታል፣ አሳው እነሱን ይበላል፣ ወፏ አሳውን ትበላለች። ጣና ውስጥ ባሉ፣ ቢልጫ የሚባለው አሳ ትንንሽ ዘመዶች ሆድ ደግሞ ሊጉላ የሚባል የኮሶ ዘመድ ታገኛለሽ። ነጭ ሪባን ይመስላል። አንዳንዴ ስትዘረጊው ከአሳው ይረዝማል። የያዘውን አሳ ዘር እንዳይተካ ያደርገዋል። ወደ ውሃው ገጽ እንዲወጣ ስለሚያደርገውም ለወፍ ቀለብ ይሆናል። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ይሄኛው ነው፤ ትሉ የሚሳፈርበትን ታክሲ ራሱ ይጠራል።

አሁን ወደ ወቅቱ። በፈረንጅ አገር የተጻፉት መማሪያዎች ሁሉን ነገር ከሙቀት ጋር ያያይዙታል። እዚያ ሐይቁ በክረምት በረዶ ይሰራል፤ በበጋ ይሞቃል። ጣና ላይ የሙቀቱ ልዩነት እንደዚያ የተጋነነ አይደለም። እዚህ ትልቁ ነገር ዝናብ ነው። ውሃው ግንቦትና ሰኔ መጀመሪያ ላይ ዝቅ ይላል፣ መስከረም ላይ ይሞላል። በክረምቱ ጉማራ፣ ርብና መገጭ የሚባሉት ወንዞች ደለል ይዘው ይገባሉ። ብዙዎቹ የጣና ቢልጫዎች ደግሞ በዚያው ሰሞን እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ አፍ ይሰበሰባሉ። ስንጥብ (የአሳው መተንፈሻ) ላይ የሚጣበቁት ጥቃቅን ትሎች ከአሳ ወደ አሳ በቀጥታ ስለሚተላለፉ አሳ ሲጠጋጋ ይመቻቸዋል። በቀንድ አውጣ በኩል የሚመጡት ግን ቀንድ አውጣው መቼ እንደሚበዛ ይጠብቃሉ። ያ ደግሞ ከዳርቻው አረም ጋር ይያያዛል። ከ2011 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ እምቦጭ የያዘውን ዳርቻ አስቢው። እንግዲህ አንድ ሐይቅ ውስጥ ያሉ ትሎች እንኳ አንድ አይነት ወቅት የላቸውም ማለት ነው። ፕሮፖዛልሽ «በክረምት ተውሳክ ይበዛል» ብሎ የሚጀምር ከሆነ አማካሪሽ ሳያዩት ሰርዢው። የትኛው ተውሳክ? በየትኛው አሳ?

አንድ የማውቀው ልጅ በሌላ ሐይቅ ላይ ተመሳሳይ ርዕስ ነበረው። ጎበዝ ነበር። ክፍሉ የመስክ መኪና ስላላገኘለት ሐምሌንና ነሐሴን ሳይወጣ ቀረ። የመመረቂያ ጽሑፉን በተከላከለበት ቀን ከፈታኞቹ አንዱ ሰንጠረዡን አየና «ሐምሌ የታለ?» አለው። መልስ አልነበረውም። የወቅት ጥናት ያለ ክረምት ያው ክፍተት ነው። ሌላ ስድስት ወር ጨመረ። አንቺ ግን አንድ ነገር በእጅሽ ነው፤ አስተማሪ ስለሆንሽ ክረምት እረፍት ነሽ። በቀረው ጊዜ በወር አንድ ቅዳሜ ይበቃሻል።

ሌላው ወጥመድ የአሳው መጠን ነው። እንደ ኮንትራሲከም ያሉት እጮች አሳ ውስጥ ረጅም ጊዜ ይቆያሉ፤ ይጠራቀማሉ። ስለዚህ ትልቅ አሳ ብዙ ትል መያዙ የሚጠበቅ ነው። አሁን ገበያውን አስቢ። በአብይ ጾም የአሳ ገዢ ይበዛል፤ ትልልቁ ወደ ሆቴል ይሄድና ለአንቺ ትንንሹ ሊተርፍ ይችላል። ትሉ ቀነሰ ብለሽ ስትጽፊ የቀነሰው የአሳው ቁመት ሊሆን ይችላል። ከገበያ ከመግዛት ከአንድ አሳ አጥማጅ ጋር ተዋዋዪና በየወሩ በተመሳሳይ መረብ፣ ከተመሳሳይ ቦታ የወጣ ውሰጂ። ቁመትና ክብደት፣ ጾታም፣ ሳትመዘግቢ ቢላ አታንሺ።

ቁጥሩም ቢሆን ያን ያህል አያስፈራም። በአንድ ወር 30 አሳ ከፈትሽ እንበል። 12ቱ ትል ኖሮባቸው በጠቅላላ 60 ትል ቆጠርሽ። የስርጭቱ መጠን 40 በመቶ ነው። በተያዙት አሳዎች ብቻ ሲካፈል አማካዩ 5 ትል ነው፤ በሁሉም ሲካፈል 2። ሶስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። ደግሞም አብዛኛውን ጊዜ ብዙው ትል ጥቂት አሳዎች ላይ ነው የሚከማቸው። ከ60ው 35ቱ አንዲት አሳ ውስጥ ቢሆኑ «አማካይ 5» ብዙም አይነግርሽም። ይህን አይነት ዳታ በትክክል የሚያነብ ሰው የሆስፒታል ዳታም፣ የወባ ዳታም፣ የእርሻ ዳታም ያነባል። አር የሚባለውን ሶፍትዌር ከአሁኑ ልመጂ። ነጻ ነው።

ስለ ስራው በግልጽ ልንገርሽ። ቅርብሽ ያለው ባህር ዳር የአሳና ሌሎች የውሃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ነው። ሰበታ ብሔራዊው ማዕከል አለ። ባቱም እንዲሁ። ዩኒቨርሲቲዎች በማስተርስ መምህር ይቀጥራሉ፤ የማስተማር ልምድሽ እዚያ ይቆጠርልሻል። የህዳሴው ግድብ የፈጠረው ንጋት ሐይቅ ላይም አሳ ማስገር ተጀምሯል። አዲስ ሐይቅ ማለት ገና መነሻ መረጃ የሚሰበሰብለት ማለት ነው። የአሳ እርባታ ኩሬዎች ላይ ደግሞ አሳ ሲሞትበት ምክንያቱን የሚነግረው ሰው የሚፈልግ ባለሀብት አለ። ግን የእንስሳት ሐኪም ስላልሆንሽ መድኃኒት ማዘዝና የጤና ምስክር ወረቀት መፈረም የአንቺ ስራ አይደለም። ማይክሮስኮፕ ስለቻልሽ ብቻም የጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ አይቀጥርሽም፤ የሙያ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን አሁን ማወቁ ይሻላል።

ዶክትሬት ካሰብሽ በሩ ከምትጠብቂው በላይ ሰፊ ነው። በአሳ ተውሳክ ምርምር ስም ያላቸው ቦታዎች ቤልጂየምና ቼክ ሪፐብሊክ ውስጥ አሉ። ቼክ ያለው የቼስኬ ቡዴዮቪትሴ የተውሳክ ጥናት ተቋም በሙያው የታወቀ ነው። እነሱ ጋ ስትጽፊ ዋናው መግቢያሽ ማስረጃ ሳይሆን ናሙና ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ወር የተወሰኑ ትሎችን 96 በመቶ አልኮል ውስጥ አስቀሪ። ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። በትንሽ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጽፈሽ ብልቃጡ ውስጥ ክተቻት፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። አስራ ሁለት ወር ሙሉ በአግባቡ የተለጠፈ የጣና ናሙና ያላት ተማሪ ኢሜይሏ መልስ ሳያገኝ አይቀርም።

የጓደኞችሽስ ምክር? ሕብረተሰብ ጤና መጥፎ ምርጫ አይደለም፤ የስራ ማስታወቂያውም ይበዛል። ተወዳዳሪውም እንደዚያው። አንቺ ግን ርዕሱን ወደድኩት ብለሻል። ደግሞ ሁለቱን የሚያገናኝ ምዕራፍ ከፈለግሽ ጥሬ አሳው አለልሽ። አንዳንዶቹ የአሳ ትሎች ወደ ሰው ሊያልፉ ይችላሉ። በደንብ ማብሰል ወይም ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ለ7 ቀን ማቀዝቀዝ ይገድላቸዋል። አሳ ቤቶችን ጠይቂ። ስንቱ ፍሪዘር አለው? መብራት ሲጠፋስ? ይህ አንድ ገጽ ለእናትሽም ሊገባቸው የሚችል ስራ ነው።

ከመፈረምሽ በፊት አማካሪሽን ሶስት ነገር ጠይቂያቸው። ለአስራ ሁለቱም ወር የጀልባና የትራንስፖርት ወጪ ማን ይችላል? ደህና ሌንስ ያለው ማይክሮስኮፕ በሳምንት ስንት ቀን ይለቀቅልኛል? ያገኘሁትን ትል «አዎ፣ እሱ ነው» ብሎ የሚያረጋግጥልኝ ማን ነው? ሁለተኛውና ሶስተኛው ላይ ትንሽ ቢያንገራግሩ መላ ይገኛል። የመጀመሪያው ላይ «እናያለን» ካሉሽ ግን ርዕሱን ወደ አንድ ወቅት አጥብቢውና ስሙንም ቀይሪው። ሰኞ ሂጂና ከሐምሌ ጀምረሽ ጠይቂያቸው።