ነፋሱ ካለፈ በኋላ ለምትለኩ ወጣቶች

ቶርኔዶ፣ ከደመና እስከ ምድር እየተሽከረከረ የሚወርደው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ፣ አንድ ከተማ ላይ ባለፈ ማግስት ሁሉም ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ደረጃው ስንት ነበር?» ጋዜጠኛው ይጠይቃል፣ ከንቲባው ይጠይቃል፣ ቤቱ የፈረሰበት ሰውም ይጠይቃል። በሲቪል ምሕንድስና ወይም በሚቲዎሮሎጂ ተመርቃችሁ ወደዚህ ሥራ ለመግባት የምታስቡ ወጣቶች፣ በተለይም በቴክሳስና በጆርጂያ ያደጋችሁ የአገሬ ልጆች፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ቁጥር ነው። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍሁት ነፋስ ያፈረሳቸውን ሕንፃዎች በመመርመር ነው። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፤ የማምንበትን ሳልሸሽግ እነግራችኋለሁ።

አስቀድማችሁ ልትረዱት የሚገባው፣ የቶርኔዶ ነፋስ በቀጥታ በመሣሪያ የሚለካው ከስንት አንዴ መሆኑን ነው። በመንገዱ ላይ የተገኘ የነፋስ መለኪያ አብዛኛውን ጊዜ አብሮ ይሰበራል፤ ተንቀሳቃሽ ራዳርም በሰዓቱና በቦታው የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። ስለዚህ ደረጃው የሚሰጠው ከተሰበረው ነገር ተነሥቶ ነፋሱን ወደ ኋላ በመገመት ነው። ይህን መንገድ የቀየሰልን ጃፓን ተወልዶ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው ቴትሱያ ፉጂታ ነበር። በወጣትነቱ አቶሚክ ቦምብ የወደቀባቸውን ሂሮሺማንና ናጋሳኪን ተዘዋውሮ የፍርስራሹን አወዳደቅ መርምሯል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ ዛፎች ከአንድ መሐል ወደ ውጭ እንደ ኮከብ ጨረር ተዘርረው ሲያይ ናጋሳኪ ላይ ያየው ትዝ አለው። ያ ጉዳት የቶርኔዶ ሳይሆን ከደመና ወደ ምድር በኃይል የሚወርድ ነፋስ ሥራ መሆኑን ለመለየት የረዳው ይኸው ነው። እናንተም ጫካ ስትደርሱ የወደቁት ዛፎች ወደ አንድ መስመር ተሰብስበው እንደሆነ ወይም ከመሐል ተበታትነው እንደሆነ ሳታረጋግጡ «ቶርኔዶ» የሚለውን ቃል በማስታወሻችሁ ላይ አትጻፉ።

ፉጂታ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው መለኪያ (ከዚህ በኋላም የምጠቅሳቸው ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ለላይኛው ደረጃ የሰጠው ነፋስ በሰዓት ከ420 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በ1970 ቶርኔዶ ከመታት ከሉቦክ ከተማ ተነሥተው ሕንፃዎችን ያጠኑ የቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች ግን፣ ቤት ለመፍረስ ያን ያህል ነፋስ እንደማያስፈልገው አሳዩ። በእነርሱ ጥረት የተሻሻለው የፉጂታ መለኪያ (በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ ኢኤፍ) በ2007 በአሜሪካ ሥራ ላይ ዋለ። 28 የጉዳት ማሳያዎች አሉት፤ መኖሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የመብራት ምሰሶ፣ ዛፍና ሌሎችም። ኢኤፍ 0 ከ105 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፤ ኢኤፍ 5 ከ322 በላይ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡኝ። አንድ የእንጨት ቤት ተጠርጎ የኮንክሪት ወለሉ ብቻ ቀርቷል እንበል። ያልሠለጠነ ዓይን ወዲያው «ኢኤፍ 5» ይላል። መለኪያው ግን እንዲህ አይልም። በአግባቡ የተሠራ መኖሪያ ቤት ግድግዳዎቹ በሙሉ ሲወድቁ የሚጠበቀው ነፋስ በሰዓት 274 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወለሉ ባዶ እስኪቀር ሲጠረግ ደግሞ 322 ገደማ ይሆናል፤ ይህም እንደ ቤቱ አሠራር እስከ 266 ሊወርድ፣ እስከ 354 ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ቤቱ ከተለመደው በላይ ጠንካራ እንደነበረ ካላሳያችሁ፣ ተጠርጎ መሄዱ ብቻውን ወደ መጨረሻው ደረጃ አያደርሳችሁም።

ይህን የምታሳዩት ከመሠረቱ አጠገብ ተንበርክካችሁ ነው። የግድግዳው የታችኛው እንጨት ከኮንክሪቱ ጋር የታሰረው በብሎን ነው ወይስ በምስማር? ብሎን ከሆነ በየስንት ርቀቱ ነው? ዳዶውና ሮንዴላው በቦታቸው ነበሩ? ብሎኑ ተጣሞ የተሰነጠቀ እንጨት በላዩ ቀርቶ እንደሆነ፣ ቤቱ እስከ መጨረሻው ታግሏል ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ቆሞ ዳዶ የሚባል ነገር ካልነበረው ግን፣ ቤቱ ቀድሞውንም በክብደቱ ብቻ ተቀምጦ ነበር። በ2014 በአርካንሳስ የቪሎኒያን ከተማ የመታው ቶርኔዶ ብዙ ቤቶችን ከወለላቸው ጠርጎ ሳለ ኢኤፍ 4 ላይ የቆመበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር፤ በአንዳንዶቹ ላይ ብሎኑ እያለ ዳዶና ሮንዴላ አልነበረም። ብዙዎች በውሳኔው ተቆጥተዋል፤ እኔ ግን ውሳኔውን አከብረዋለሁ። ደካማ ቤት ደካማ ምስክር ነው፤ ቢያንስ ይህን ያህል ነፋስ ነበረ ይላችኋል፣ ከዚያ በላይ ስለመኖር አለመኖሩ የሚያውቀው ነገር የለውም።

ዙሪያውንም ተመልከቱ። ቤቱ ተጠርጎ ሳለ በደጁ ያለው ቁጥቋጦ ቅጠሉ እንኳ ሳይረግፍ ቆሞ ከሆነ፣ ጥርጣሬያችሁን ጻፉ። ዛፎቹ ቅርፊታቸው ተልጦ፣ ሣሩ ከነሥሩ ተነቅሎ ከሆነ ደግሞ እርሱንም ጻፉ። ግድግዳውን የጣለው ነፋሱ ራሱ ነው ወይስ ነፋሱ ያመጣው መኪና? ልዩነቱ የአንድ ሙሉ ደረጃ ሊሆን ይችላል።

የማሳያ እጦት ሲበዛ ምን እንደሚሆን ለማየት ኤል ሪኖን አስቡ። በሜይ 31 ቀን 2013 በኦክላሆማ ሜዳ ላይ ያለፈው ይህ ቶርኔዶ ወርዱ 4.2 ኪሎ ሜትር ደርሷል፤ ከተመዘገቡት ሁሉ ሰፊው ነው። ተንቀሳቃሽ ራዳሮች በሰዓት ከ450 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ነፋስ አዩበት። ነገር ግን ኃይለኛው ነፋስ ያገኘው በአብዛኛው ባዶ እርሻ ስለነበር፣ በመጀመሪያ በራዳሩ ተመርኩዞ የተሰጠው ኢኤፍ 5 ተነሥቶ ወደ ኢኤፍ 3 ተመለሰ። መለኪያው የጉዳት መለኪያ እስከሆነ ድረስ ውሳኔው ሕጉን ጠብቋል። ይሁን እንጂ ለወደፊቱ ሁለቱም ቁጥሮች ጎን ለጎን በመዝገብ መቀመጥ አለባቸው የሚል ጽኑ እምነት አለኝ፤ ይህን ለማስተካከል የሚሠራ ትውልድ እናንተ ብትሆኑ ደስ ይለኛል።

ትዕግሥት የሚያመጣውን ደግሞ በኤንደርሊን አይተነዋል። በጁን 2025 በሰሜን ዳኮታ ሦስት ሰዎችን የገደለው ቶርኔዶ መጀመሪያ ኢኤፍ 3 ተባለ። ነፋሱ የባቡር ፉርጎዎችን ገልብጦ ባዶ የሆነ የፈሳሽ መጫኛ ፉርጎ እጅግ ርቆ ወርውሮ ነበር። ፉርጎ ከ28ቱ ማሳያዎች አንዱ አይደለም። ባለሙያዎች ግን ክብደቱንና የተወረወረበትን ርቀት ይዘው ወራት የፈጀ ስሌት ሠሩ፤ በኦክቶበርም ደረጃው ወደ ኢኤፍ 5 ከፍ አለ። በኦክላሆማ የሙር ከተማ በ2013 ከተመታች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ማንም ሳይቸኩል፣ ማንም ሳይጮህ፣ በሒሳብ የተገኘ ነው፤ ይህን ሥራ በጣም እወደዋለሁ።

አንድ ቶርኔዶ ይህን ያህል ካስቸገረ፣ በአንድ ቀን ብዙ ሲወርዱ ስፋቱን መናገር የባሰ ይከብዳል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚሰማውን ቁጥር አትመኑ፤ አንዱን ቶርኔዶ አምስት ሰው ከአምስት መንደር ሲያየው አምስት ሪፖርት ይሆናል። በአፕሪል 1974 በ24 ሰዓት ገደማ ውስጥ በ13 ግዛቶች 148 ቶርኔዶዎች ተመዘገቡ። በአፕሪል 2011 በአራት ቀናት 360 ተቆጠሩ። ታዲያ የ2011ዱ ከእጥፍ በላይ የከፋ ነበር? በ1974 ዛሬ ያለው የዶፕለር ራዳር መረብ፣ የእጅ ስልክም ሆነ ድሮን አልነበረም፤ በሜዳ ላይ ለጥቂት ደቂቃ የታየ ደካማ ቶርኔዶ ሳይመዘገብ ያልፍ ነበር። እጅግ ኃይለኞቹን፣ ማለትም የ4ኛና የ5ኛ ደረጃዎቹን ብቻ ስትቆጥሩ የ1974ቱ 30 ሲሆኑ የ2011ዱ 15 ናቸው። የሰው ሕይወት በሁለቱም ከ300 በላይ ጠፍቷል፤ ያውም በ2011 ማስጠንቀቂያው ከቀድሞው በእጅጉ ተሻሽሎ ሳለ። ስለዚህ ሁለት ወረርሽኞችን፣ ማለትም በአጭር ጊዜ ብዙ ቶርኔዶ የወረደባቸውን ሁለት ክስተቶች፣ ስታወዳድሩ የእያንዳንዱን መንገድ ርዝመት፣ ወርድና ደረጃ አንድ ላይ አስሉ፤ ብዛቱን ለብቻው አታቅርቡ።

ሌላው ሰው ነው። በዲሴምበር 26 ቀን 2015 በዳላስ አጠገብ ጋርላንድንና ራውሌትን የመታው ኢኤፍ 4 ቶርኔዶ 10 ሰዎችን ገድሏል፤ አብዛኞቹ የሞቱት በመኪና ውስጥ ሆነው መንገድ ላይ ነው። ጋርላንድ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትና የሚነግዱባት ከተማ ናት፤ እዚያ ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ከጉዳቱ ቦታ ስትደርሱ ሜትራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ለባለቤቱ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» በሉ። በእንግሊዝኛም ቢሆን መንገዱ አይጠፋችሁም። ሳይፈቅድላችሁ ፎቶግራፍ አታንሡ። ለሐዘንተኛ ቤተሰብ «የእናንተው ኢኤፍ 2 ነው» ስትሉ፣ ሐዘናቸውን ዝቅ ያደረጋችሁ ሊመስላቸው ይችላል። ቁጥሩ ስለ ቤቱ አሠራርና ስለ ነፋሱ እንጂ ስለ ጉዳታቸው ልክ እንዳልሆነ ጊዜ ወስዳችሁ አስረዱ። ደረጃውን ከፍ እንድታደርጉ የሚለምኗችሁም ይኖራሉ፤ በአክብሮት አዳምጡ፣ ያላችሁን ማስረጃ አሳዩ፣ ቁጥሩን ግን አትንኩት።

ጊዜ ደግሞ የለም። የአካባቢው ሰው መንገድ ለመክፈት፣ የተረፈውን ዕቃ ለማውጣት ይቸኩላል፤ ዶዘሩ በሁለተኛው ቀን ይገባል፤ መቸኮላቸውም ትክክል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠፋውን መዝግቡ፤ ብሎኑን ከሜትር ጋር በቅርብ አንሡ፣ ቦታውን በጂፒኤስ ያዙ፣ ፍርስራሹ የወደቀበትን አቅጣጫ ጻፉ። የመንገዱን መነሻና መድረሻ፣ የዛፎቹን አወዳደቅ ከድሮንና ከሳተላይት ምስል በኋላ ልታገኙት ትችላላችሁ። ያልደረሳችሁበትን መንደርም በካርታው ላይ ባዶ አድርጋችሁ አትለፉት፤ «አልተጎበኘም» ብላችሁ ጻፉበት። ከዓመታት በኋላ ያንን ወረርሽኝ እንደገና የሚያጠና ሰው፣ ጉዳት ያልነበረበትን ቦታ እናንተ ካልሄዳችሁበት ቦታ የሚለየው በዚያ ጽሑፍ ነው።