ከጉልበት ጀርባ የሰፋ የደም ቧንቧ፦ ሳያም ለምን ይታከማል?

ወንድሜ፣ አባትህ ከጉልበታቸው ጀርባ ያለው ደም ቅዳ ቧንቧ እስከ 2.6 ሴንቲ ሜትር ሰፍቷል ተብለው «ምንም ሳያመኝ ለምን እቀደዳለሁ?» ማለታቸው አይገርምም። ብዙ ጊዜ አያምም። ተንኮሉም እዚያ ላይ ነው።

ሰው የሚፈራው ይፈነዳል ብሎ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ግን መፈንዳት ብዙም አያጋጥምም። ዋናው ስጋት የረጋ ደም ነው። ቧንቧው በሰፋበት ቦታ ደም ይረጋል። ፍርፋሪው ወደ ታች ወርዶ የእግሩን ቀጫጭን ቧንቧዎች ይደፍናል፤ አንዳንዴም ቧንቧው ራሱ በአንዴ ድፍን ይላል። ያኔ እግር እስከ ማጣት ሊደረስ ይችላል። ከ2 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ በተለይ ውስጡ የረጋ ደም ካለ፣ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ይታከም የሚሉት ለዚህ ነው።

ምርመራው የደሙን ፍሰት በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ይጀምራል። በእጅ መዳሰስ ብቻ አይበቃም፤ እዚያው ቦታ የሚወጣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያሳስታል። ሲቲ አንጂዮግራፊ (የደም ቧንቧዎችን የሚያሳይ የሲቲ ምስል) ደግሞ ከታች ያሉት ቧንቧዎች ክፍት መሆናቸውን ያሳያል። አደራ፣ ሌላኛው እግርና ሆድ ውስጥ ያለው ትልቁ ቧንቧም ይታይ። ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ ላይ በሁለቱም እግር ይገኛል።

ሕክምናው ወይ ከራሳቸው እግር በተወሰደ ደም መልስ ለደሙ ሌላ መንገድ መሥራት ነው፣ ወይ በብሽሽት በኩል ሽፋን ያለው ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከውስጥ የሚደግፍ ቱቦ፣ ማስገባት። ስቴንቱ ቶሎ ያስነሳል፤ ግን ጉልበት ታጣፊ ነውና ሊደፈን ይችላል። ቀዶ ጥገናውን ለሚችል ሰው እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ።

እግራቸው በድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይም ከደነዘዘ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው።