ውሻው ከተከተበ በኋላ ያበጠው ቦታ ይበጣ ወይስ ይተው?

ጥያቄ፦ በቀበሌያችን በተሰጠ ዘመቻ በግ የሚጠብቅልኝን ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አስከተብኩት። ዛሬ 10ኛ ቀኑ ነው። ቀኝ ትከሻው ላይ፣ መርፌው በገባበት ቦታ፣ የትንሽ ሎሚ ያህል ድቡልቡል ነገር ወጥቷል። ይበላል፣ ሌሊትም እንደ ልማዱ ይጮኻል። አንዱ ጎረቤቴ «መግል ቋጥሯል፣ በምላጭ ብጣው» ይለኛል፤ ሌላው «በጋለ ብረት ተኩሰው» ይላል። ምን ላድርግ? የከርሞውን ክትባትስ ላስቀረው?

መልስ፦ አይብጡት፣ አይተኩሱትም። የከርሞውንም አያስቀሩ።

ለውሻ የሚሰጠው የእብድ ውሻ ክትባት አብዛኛው የተገደለ ቫይረስ ነው። የተገደለ ቫይረስ ብቻውን ሰውነትን በደንብ ስለማይቀሰቅስ ብዙ ጊዜ የአሉሚኒየም ውህድ ይጨመርበታል። ውህዱ ክትባቱን በተወጋበት ቦታ ያቆየውና የሰውነትን መከላከያ ሴሎች ወደዚያ ይጠራል። ሴሎቹ መጥተው ሲከማቹ ከቆዳ ሥር ጉብ ይላል። እንዲህ ያለው እብጠት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይወጣና በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ እየሟሸሸ ይጠፋል። አንዳንዱ እስከ 3 ወር ይቆያል። ቢበጡት የሚፈስ መግል አያገኙም፤ የሚወጣው ደም ነው። ንጹሕ የነበረው ቦታ በምላጩና በጠጉሩ እድፍ ይበከላል፣ ዝንብ እንቁላሏን ትጥልበታለች፣ በሳምንቱ እውነተኛ መግል ይቋጥራል። ያን ጊዜ ጎረቤትዎ «አላልኩም?» ይላል።

ለማረጋገጥ በእጅዎ ይመርምሩት። ያሳደጉት ውሻም ቢሆን ሲያመው ይነክሳልና አፉን በጨርቅ ይሰሩ፤ ነገር ግን ውሻ የሚቀዘቅዘው በማለክለክ ስለሆነ ፀሐይ ላይ አስረው አያቆዩት። ጠጉሩን ገልጠው ቆዳውን ይዩ። የእጅዎን ጀርባ በእብጠቱ ላይ፣ ከዚያም በግራ ትከሻው ላይ አድርገው ሙቀቱን ያወዳድሩ። በሁለት ጣት ይዘው በቀስታ ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሱት። ከክትባት የመጣው ጠንከር ያለ ነው፣ ከቆዳው ሥር ይንሸራተታል፣ ሙቀቱ ከሌላው ገላ አይለይም፣ ውሻውም ሲነካ አይቆጣም። ከትከሻው ፊት ለፊት፣ ከአንገቱ ሥር፣ በሁለቱም በኩል እኩል የሚዳሰስ ነገር ካገኙ ግን ያ ንፍፊት ነው፤ ከመርፌው ጋር ላይገናኝ ይችላል። መሐሉ ላይ እንደ መርፌ ቀዳዳ ያለ፣ ውስጡ የሚንቀሳቀስ የሚመስል እብጠት ደግሞ ከቆዳ ሥር የገባ የዝንብ እጭ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ክር ያዘጋጁ። በእብጠቱ ሰፊ ጎን ላይ ዘርግተው ከዳር እስከ ዳር ያለውን በሁለት ቋጠሮ ይያዙ። በየሳምንቱ በዚያው ቀን አዲስ ክር ይለኩና ከአለፈው ጎን ይስቀሉት። ዓይን ያታልላል፣ ክር አያታልልም። ክትባቱ ከተሰጠ 1 ወር አልፎትም እያደገ ከሄደ፣ ወይም 3 ወር ሞልቶት ካልጠፋ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት፤ በቀጭን መርፌ ናሙና ቀድቶ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። መርፌ የተወጋበት ቦታ ወደ ካንሰር መለወጥ በድመት ላይ የታወቀ ነው፣ በውሻ ግን ብርቅ ነው። እስከዚያው አይጭመቁት፣ አይሹት።

መግል የሆነ እንደሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይግላል፣ ያማል፣ ቆዳው ይቀላል፣ መሐሉ ሲጫኑት እንደበሰለ ቲማቲም ይላላል። ውሻው ምግብ ይተዋል፣ ትኩሳትም ሊኖረው ይችላል፤ የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው። ዋናው ምክንያት በአንድ መርፌ ብዙ ውሻ መውጋት፣ ወይም በጭቃ በተላወሰ ጠጉር ላይ መውጋት ነው። በለብ ያለ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ በቀን 3 ጊዜ፣ ለ10 ደቂቃ ያህል ይያዙበት። ሲበስል ባለሙያው ዝቅ ባለው በኩል ይከፍተዋል፤ መግሉ ወደ ታች እንዲወርድ ነው። ከዚያ በኋላ በጨው ውሃ ያጥቡት፦ 1 ሊትር አፍልተው ያቀዘቀዙት ውሃ፣ ለጥ ባለ የሻይ ማንኪያ አንድ ተኩል ጨው። አፉ ቶሎ እንዲገጥም አይፈልጉ፤ ከውስጥ እየሞላ መምጣት አለበት። ነጭ ጋዝ፣ የባትሪ ድንጋይ ዱቄት፣ የተባይ መድኃኒት አያድርጉበት፣ ውሻ ቁስሉን ይልሳል። የሰው ማስታገሻም አይስጡት፤ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ።

ጊዜ የማይሰጠው ምልክት ከክትባቱ በኋላ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ የሚመጣው ነው። ፊቱ፣ ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ ካበጠ፣ ገላው ሳማ እንደለበለበው ጉብ ጉብ ካለ፣ ካስመለሰው፣ ድዱ ከነጣና ከተዝለፈለፈ ወደ ባለሙያ ይሩጡ! ባለሙያው በጡንቻ አድሬናሊን ይወጋዋል፤ 1 ለ1000 የሆነው ለአንድ ኪሎ 0.01 ሲሲ፣ ለ20 ኪሎ ውሻ 0.2 ሲሲ ነው። ስለዚህ ከክትባት በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እዚያው መቆየት ይጠቅማል። ከ2 እስከ 3 ወር ቆይቶ ጠጉር የሚራገፍበትና ቆዳው የሚጠቁርበት መላጣ ቦታም አለ፤ ይህ በአብዛኛው እንደ ፑድልና ማልቲዝ ያሉ ትንንሽ የቤት ውሾች ጣጣ ነው።

ከክትባቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ በቤት የሚወጋው መርፌ ነው። ለከብት የተገዛው ባለ 20 ፐርሰንት ኦክሲቴትራሳይክሊን የተባለው ጸረ-ባክቴሪያ ሥጋን ያቃጥላል፤ ለበሬ በወፍራም ጡንቻ ውስጥ በጥልቀት የሚሰጠው በቀጭን ውሻ ሲገባ ያብጣል፣ ያነክሳል፣ አንዳንዴም ሥጋው ይሞታል። የጥገኛ ተባይ መድኃኒት የሆነው ባለ 1 ፐርሰንት አይቨርሜክቲን ደግሞ ለከብትና ለበግ በ50 ኪሎ 1 ሲሲ ነው። በዚያው ስሌት 20 ኪሎ ውሻ የሚደርሰው 0.4 ሲሲ ብቻ ነው። «ለእከክ» ተብሎ 2 ሲሲ ሲወጋ አምስት እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። እንደሰከረ መንገዳገድ፣ የዓይን ብሌን መስፋት፣ ለሃጭ ማዝረክረክና መንቀጥቀጥ ሊከተል ይችላል፤ ማርከሻ የለውም።

ለከርሞ፣ በክትባት ካርዱ ላይ «ቀኝ ትከሻ፣ አብጧል» ብለው ያስጽፉና በግራ በኩል ይወጋ። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ የቆየ መሆኑን ይጠይቁ። አንዴ በረዶ ሆኖ የቀለጠ ከሆነ የአሉሚኒየሙ ውህድ ይጓጉላል፣ የመከላከል አቅሙም ይወድቃል፤ ተነቅንቆም ካልተዋሐደ አያስወጉት። ባለ 22 ወይም 23 ቁጥር አዲስ መርፌ ለእያንዳንዱ ውሻ ይበቃል፤ የከብቱ ወፍራም ባለ 16 ለውሻ አይሆንም። ይህ ክትባት ለውሻው የመጀመሪያው ከሆነ መከላከያው እስኪጸና አንድ ወር ገደማ ስለሚፈጅ እስከዚያ ከባዘኑ ውሾች ጋር እንዳይናከስ ይጠብቁት።