«ጓደኞቹ ሁሉ ፈርመዋል» ለኤፍ ዋን ተማሪ አይሠራም

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። የእህትሽ ልጅ በሩጫ ስኮላርሺፕ ከአዲስ አበባ አሜሪካ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል። አንድ የስፖርት ልብስ ድርጅት ኢንስታግራም ላይ ቪዲዮ ቢለቅልን 1,200 ዶላር እንከፍለዋለን ብሏል። የቡድን ጓደኞቹ ሁሉ ስለሚሠሩ ይፈርም ወይ ነው ያልሽው። ከሥር ብዙ ሰው «ተፈቅዷል እኮ፣ ምን ያስጨንቅሻል» ብሎሻል። እባክሽ አትስሚያቸው። እኔ ታናሽ ወንድሜን በዚሁ መንገድ አሳልፌዋለሁ።

1. መጀመሪያ ቪዛውን እዪ። ኤፍ ዋን፣ ማለትም የተማሪ ቪዛ፣ ነው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። ግሪን ካርድ ካለው ሌላ ወሬ ነው።

ተፈቅዷል ያሉሽ ሰዎች አልዋሹም። ካሊፎርኒያ በ2019 የኮሌጅ ስፖርተኞች በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በ2021 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከትምህርት ጋር በተያያዙ ጥቅሞች ጉዳይ 9 ለ 0 የኮሌጅ ስፖርቱን በሚመራው በኤንሲኤኤ ላይ ፈረደ። ብዙም ሳይቆይ፣ ጁላይ 1 ላይ፣ ኤንሲኤኤ ተማሪዎች በስማቸውና በመልካቸው ማስታወቂያ ሠርተው እንዲከፈላቸው ፈቀደ። ከ2025 ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸውም በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል። ግን ኤንሲኤኤ የስፖርት ማኅበር ነው። ቪዛ አይሰጥም፣ አይነሳምም። የኤፍ ዋን ደንብ ለስፖርተኛ ተብሎ አልተቀየረም። ትምህርት ላይ እያለ ግቢ ውስጥ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት መሥራት ይችላል። ከግቢ ውጭ ግን ያለ ፈቃድ ሥራ የለም።

2. ማንን እንደምትጠይቂ እወቂ። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። የስፖርት ክፍሉ ኮምፕሊያንስ (ደንብ ተቆጣጣሪ) ቢሮ ሄድን። ሰውዬው ፎርም ገፋ አደረገልንና «እዚህ ጋ ይፈርም፣ ሁሉም ይፈርማል» አለ። ቪዛውስ ስለው «እሱ የኛ ሥራ አይደለም» ብሎ ወደ ስልኩ ተመለሰ። የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ስንሄድ ደግሞ ልጅቷ ከኮምፒውተሯ ቀና ሳትል «የስፖርት ጉዳይ ከሆነ ኮምፕሊያንስን ጠይቁ» አለችን። ወንድሜ እንግሊዝኛው ገና አልተፍታታም ነበር፤ ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሰው አገሩን ጥሎ መጥቶ ለዩኒቨርሲቲው ስም እየሮጠ እንዲህ መንገላታት ነበረበት? እኔ ግን አልለቀቅኳቸውም። በቃል የነገራችሁኝን በኢሜይል ጻፉልኝ አልኩ። ስንት ጊዜ ከጨቀጨቅኩ በኋላ «ይህን በተመለከተ ምክር መስጠት አንችልም፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ» የሚል መጣ። ፈርም ያሉት ሰዎች ኃላፊነቱን እንደማይወስዱ ያወቅነው ያኔ ነው።

ከሌላ የአፍሪካ አገር የመጣ የቡድን ጓደኛው ግን እነሱን አምኖ ፈረመ። ያገኘው ጥቂት መቶ ዶላርና ጫማ ነው። ተመርቆ በሥራ በኩል ለግሪን ካርድ ሲያመለክት ቅጹ ላይ አሜሪካ ውስጥ ያለ ፈቃድ ሠርተህ ታውቃለህ የሚል ጥያቄ ጠበቀው። አዎ ቢል መዘዝ አለው፣ የለም ቢል ውሸት ነው። ቪዲዮው ደግሞ ከነስሙ፣ ከነቀኑ፣ ከነኩባንያው አርማ እዚያው ኢንስታግራም ላይ አለ። ከማስታወቂያው ካገኘው በላይ ለጠበቃ ከፈለ። ያንን ልጅ ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል።

3. ገንዘቡም ሳያመልጠው የሚሆንበት መንገድ ሊኖር ይችላል። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች የነበረው ኦስካር ቺብዌ ኮንጎያዊ ነው፣ የተማሪ ቪዛ ነበረው። በ2022 ቡድኑ ባሃማስ ሲሄድ የማስታወቂያ ሥራውን እዚያ ሠራ። የእኛም ጠበቃ ሥራው ሙሉ በሙሉ ከአሜሪካ ውጭ ይሁን አለን። ድርጅቱ ያቀረበው ውል ከሴፕቴምበር ጀምሮ በየወሩ አንድ ቪዲዮ ይልቀቅ ይል ነበር። ጠበቃው ያንን አሰርዞ ሥራው ኢትዮጵያ ውስጥ ተሠርቶ እዚያው ያልቃል የሚል አስገባ። ወንድሜ ክረምት አገር ቤት ሲገባ ሱሉልታ ላይ ገና ጭጋጉ ሳይገፈፍ የአክስታችን ልጅ በስልክ ቀረጸው። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ፈናጥሮበት፣ ከኋላው ባሕር ዛፍ፣ እሱ እየሳቀ። ድርጅቱ በጣም ወደደው። ሲመለስ የቀረ ሥራ አልነበረበትም፣ ገንዘቡን ተቀበለ፣ አይ ትዌንቲው (ትምህርት ቤቱ ለተማሪ ቪዛ የሚሰጠው ወረቀት) ንጹሕ ነው። እኔ ወንድሙ በዚህ እኮራለሁ። የእናንተን ግን የእናንተው ጠበቃ ይየው።

4. ውሉ ውስጥ «ለዘለዓለም» ወይም «ወደፊት ከሚያገኘው ገቢ» የሚል ካለ አቁሙ። ጀርቨን ዴክስተር የሚባል የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋች 436,485 ዶላር ተቀብሎ ወደፊት ከኤንኤፍኤል (የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ) የሚያገኘውን ገቢ 15 በመቶ ለ25 ዓመት ሊሰጥ ፈርሞ ነበር፤ በ2023 ፍርድ ቤት ሄደበት። ያንቺ ልጅ ነገ የዓለም ሻምፒዮን ሊሆን ይችላል፣ ማን ያውቃል?

ታክስን በተመለከተ፣ በኤፍ ዋን የመጣ ተማሪ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የሚሞላው 1040 ኤንአር የሚባለውን የውጭ ዜጋ የታክስ ቅጽ ነው። ሰፈር ያለው ሁሉ ታክስ ሠሪ አያውቀውም፣ መጀመሪያ ጠይቂው። ትምህርት ቤቱ ዲቪዥን አንድ (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ከሆነ ደግሞ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ውል ማሳወቅ ግዴታ ነው።

ድርጅቱ ቶሎ ፈርም እያለ ከወጠረው ጠበቃ እያየው ነው በይው፣ ይጠብቃል። የአይ ትዌንቲውን ፎቶ እዚህ እንዳትለጥፊ። ውሉን ስሙን ሸፍነሽ ኢንቦክስ አድርጊልኝ፣ ማታ ከሥራ ስወጣ አነበዋለሁ። የጠበቃችንንም ስልክ እልክልሻለሁ።