ባለ 20 ቸርኬ ለሱሉልታ ኮረኮንች ይሆናል?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? ሱሉልታ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ግን አዲስ አበባ ነው። ሀይሉክስ ቪጎ አለችኝ ባለ ሁለት ጋቢና፣ አንዳንዴ ሲሚንቶ ምናምንም እጭንባታለሁ። ከአስፋልቱ ተገንጥዬ ቤቴ ለመድረስ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ኮረኮንች አለ፣ ክረምት ላይ ዋልካው አያድርስ ነው። አሁን ያሉት ጎማዎች 265/65 አር 17 ናቸው፣ አልቀዋል። መርካቶ ጎማ ተራ አንዱ ነጋዴ ባለ 20 ኢንች ጥቁር ቸርኬ ከነጎማው፣ 265/50 አር 20፣ አሳየኝና የድሮውን ቸርኬ ስጠኝ ትንሽ ጨምርበት አለኝ፣ እውነት ለመናገር ልብ ይሰርቃል። ጓደኛዬ ደግሞ እሱን ተወው 285/70 አር 17 ኤም/ቲ (ጥርሱ ትልልቅ የሆነ የጭቃ ጎማ) ግጠምባት ጭቃውን ትንቀዋለህ ይለኛል። የቱን ልስማ?

መልስ፦ ሁለቱንም አትስማ ወንድሜ። ነጋዴው ይገጥማል ካለህ ግን አልዋሸህም። የድሮው ጎማህ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ባለ 20ው ደግሞ 773፣ እኩል በለው። መኪናዋ አትነሳም አትወርድም፣ የፍጥነት መቁጠሪያውም አይዛባም። ጉዱ ያለው በቸርኬውና በመሬቱ መሃል ያለው ላስቲክ ላይ ነው። አሁን 17 ሴንቲ ላስቲክ አለህ፣ ባለ 20ው ላይ 13 ብቻ ይቀርሃል። ያቺ የጎደለችው 4 ሴንቲ ናት እንግዲህ ድንጋይ ላይ ስትወጣ የምትተጣጠፍልህ፣ እሷ ከሌለች ጎማው በድንጋዩና በቸርኬው ጠርዝ መሃል ይቆነጠጥና ጎኑ ላይ እባጭ ያወጣል፣ ጎኑ ያበጠ ጎማ ደግሞ ጎሚስታ ጋ ብትወስደው ጣለው ነው የሚልህ። ክረምት ላይም ጭቃ ሲይዝህ ንፋስ ቀንሰህ ለመውጣት የምትቀንሰው ነገር የለህም፣ ወዲያው ቸርኬው ነው መሬት የሚነካው።

ሲሚንቶ እጭናለሁ ያልከውን ነጋዴው ይጠይቅህ አይጠይቅህ እንጃ። ከሳይዙ ቀጥሎ የተጻፈችውን ቁጥር እያት፣ 112 ካለች አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል፣ ባለ 20ው ላይ 107 ተጽፎ ካየህ 975 ኪሎ ነው። 20 ከረጢት ሲሚንቶ ብቻውን 1 ቶን መሆኑን አትርሳ፣ መኪናዋ ራሷና አንተ ሳትቆጠሩ።

ወደ ቸርኬው ልመለስ፣ እዚህ ላይ እኔም የተቃጠልኩበት ነገር አለ። ሰው ባለ 6 ቀዳዳ ነው ይልና ይገዛል። የቪጎም የፓጄሮም የዳዶ ቀዳዳ ርቀቱ አንድ ነው፣ 139.7 ሚሊ፣ የመሃሉ ክብ ቀዳዳ ግን የፓጄሮው 67 ሚሊ ሲሆን የቶዮታው 106 ነው። እኔ ድሮ ይህን ሳላውቅ በርካሽ ያገኘሁትን የፓጄሮ ቸርኬ ገዛሁ፣ ሞዞው ላይ አልገባ ሲለኝ አንድ ቶርኖ ቤት ወስጄ አስበላሁት፣ ሲበላ ደግሞ መሃሉን ሳተ፣ ከዚያ በኋላ በ80 ስነዳ መሪው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ባላንስ ባስደርግ ባስደርግ ወይ ፍንክች። የመሃል ቀዳዳው 110 ሚሊ የሆነ ቸርኬም አለ፣ እሱ ይገባል ግን ይላላል፣ በመሃሉ ቀለበት ካልገባለት መሃሉን የሚጠብቁለት ዳዶዎቹ ብቻ ናቸው።

ሌላው ከቸርኬው ጀርባ ኢቲ ብሎ የሚጻፈው ቁጥር ነው፣ ቸርኬው የሚታሰርበት ፊት ከስፋቱ መሃል ስንት ሚሊ እንደራቀ የሚነግርህ። የፋብሪካው የቪጎ ባለ 17 ቸርኬ 30 ነው። ወደ ውጭ ወጣ ወጣ የሚሉት ቸርኬዎች 0 ወይም ከዜሮ በታች ናቸው፣ ጎማው ከድሮው ቦታው 3 ሴንቲ ወይም ከዚያ በላይ ወደ ውጭ ወጣ ማለት ነው። ሲታይ ጉልበተኛ ይመስላል፣ ግን ኩሽኔታው ላይ ይጫናል፣ ጉድጓድ ስትመታ መሪውን ከእጅህ ይነጥቅሃል፣ ጭቃውንም በር ላይ ይለጥፍልሃል። ዳዶውንም ተመልከት፣ የቶዮታ ኦሪጅናል አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶው ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያለው ነው፣ ከውጭ የሚገዛው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሾጣጣ ዳዶ ይፈልጋል። አንዱን በሌላው ካሰርከው መላላቱ አይቀርም። የትኛውንም ብታስገጥም 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተህ እንደገና አስጠብቀው።

ጓደኛህ ስለ ዋልካው እውነቱን ነው፣ እዚያ ላይ ኤም/ቲን የሚያክል የለም፣ ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆነው የኤ/ቲ ጎማ ጥርስ በዋልካ ይሞላና ልሙጥ ይሆናል። ግን አንተ ጭቃ ውስጥ የምትሄደው 4 ኪሎ ሜትር ነው፣ የቀረው በሙሉ አስፋልት ነው፣ ኤም/ቲ እዚያ ላይ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ ላይ ፍሬን ስትይዝ ይንሸራተታል። ሳይዙም በዛ። 285/70 ማለት 831 ሚሊ ነው፣ ከድሮው በ7 ከመቶ ይበልጣል፣ ቆጣሪው 100 ሲልህ አንተ 107 ላይ ነህ፣ መሪ ስታዞርም ፓራፋንጎ መንካቱ አይቀርም። የእንጦጦን ዳገት ደግሞ ሞተሩ ሲያቃስት ትሰማዋለህ።

እኔ ብሆን 17ቱን ቸርኬ ይዤ ኤ/ቲ ጎማ ነው የምገዛው፣ ያው 265/65፣ ትንሽ ከፍ ትበል ካልክ 265/70፣ እሱ በ3 ከመቶ ብቻ ነው የሚበልጠው። ለቸርኬው የምትጨምረውን ብር አምስተኛዋን ጎማ ግዛበት፣ ስኮርቷ ከሌሎቹ ጋር አንድ ሳይዝ ትሁን። ዋልካው ሲብስ ንፋሱን ወደ 22 ፒ.ኤስ.አይ አውርድ፣ አስፋልት ከመውጣትህ በፊት ግን ሙላ፣ ለዚህች በሶኬት የምትሠራ ትንሽ ፓምፕ መኪና ውስጥ ይኑርህ።

ጥያቄ፦ ኮዬ ፈጨ ነኝ፣ ራቭ ፎር ነው የምነዳው። አራት ጎማ 225/65 አር 17 ገዛሁ፣ ሻጩ የ16 ምርት ነው አለኝ፣ ጥርሱም ምንም አልተነካም። ሳየው 2216 ይላል። በየሳምንቱ በፈጣን መንገዱ አዳማ ስለምመላለስ ነው፣ ደህና ነው አይደል?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ 16 የኛ 2016 መስሎሽ ከሆነ ተሸውደሻል። ጎማ ላይ ያለው የፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ 2216 ማለት የ2016 22ኛ ሳምንት፣ በኛ ግንቦት 2008 ዓ.ም። ስለዚህ አዲስ ብለሽ የገዛሽው ጎማ አስር ዓመት ገደማ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነው። ሚሽሊን ራሱ ጥርስ ቢኖረውም ከተመረተ አስር ዓመት የሞላው ጎማ ይቀየር ይላል፣ ላስቲክ ተቀምጦም ይደርቃል። ኮዬ ፈጨ ውስጥ ቀስ ብለሽ ብትነጂበት ላያስታውቅ ይችላል፣ በአዳማ ሙቀት በ100 እና በ120 ግን አልመክርሽም። መጀመሪያ አራቱንም እይ፣ ቀኑ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ወደ ውስጥ የዞረ ካለ መኪና ስር ገብቶ የሚያይልሽ ሰው ፈልጊ። ከዚያ ደረሰኝሽን ይዘሽ ሻጩ ጋ ሂጂ፣ ሲቀይርልሽም እዚያው ቆመሽ አራቱንም ቁጥር በስልክሽ አንሺ።