ድብድቡ የሚጀምረው ከቡጢው በፊት ነው

ሰላም ወንድሜ፣ «አንዳንዱ የሱፐርሂሮ ፊልም ድብድብ ልብ ያንጠለጥላል፣ አንዳንዱ ግን ከተማ ሙሉ እየፈረሰም ያሰለቻል፤ ለምንድን ነው?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔ የፊልም ኤዲተር ነኝ፤ በሥራዬ ካየሁት ተነስቼ ልመልስልህ።

የመጀመሪያዬን የድብድብ ሲን ስሠራ ዋናው ነገር ፍጥነት ይመስለኝ ነበር። ተዋንያኑ በቂ ልምምድ ስላላደረጉ፣ ያንን ለመሸፈን እያንዳንዱን ምት ቆራርጬ ቀጣጠልኩት። አንዲት ጓደኛዬ አይታ «አሁን የተመታው የትኛው ነው?» አለችኝ። ነገሩ ከነከነኝ። እንደገና ከፍቼ የተመታው ሰው ፊት የሚታይበትን አስረዘምኩ፤ ወድቆ በክርኑ ተደግፎ ለመነሳት ሲታገል ያለውንም ሳልነካ ተውኩት። ቡጢዎቹ ያው ናቸው፣ አንድም አልጨመርኩም። በሁለተኛው ግን ራሷ የተመታች ያህል ፊቷን አጨማደደች።

ካየኋቸው ሁሉ ደጋግሜ የምመለስበት እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የካፒቴን አሜሪካ «ዊንተር ሶልጀር» የሊፍት ሲን ነው። ካፒቴኑ ይገባል፤ ሊፍቱ በየፎቁ እየቆመ ሰው ይጨምራል። ካፒቴኑ ከገቡት ሰዎች አንዱ እጁን ወደ መሣሪያው ሲያስጠጋ፣ ሌላው ሲያልበው ያያል። እኛም አብረነው እናያለን። ከዚያ በእርጋታ፣ ሳንጀምር መውጣት የሚፈልግ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እስከዚህ ድረስ አንድም ቡጢ አልተሰነዘረም፣ እኔ ግን ትንፋሼን ውጬ ነው የማየው። ቦታው ጠባብ ስለሆነ ማን የት እንደቆመ አይጠፋንም፤ የአንድ እጁ አንጓ በማግኔት ግድግዳው ላይ ሲጣበቅ ደግሞ ጉልበቱ ብቻውን እንደማያወጣው ይገባናል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በኮምፒውተር ምስል ላይ ያላክካል። በዚህ አልስማማም። እ.ኤ.አ. የ2004ቱ «ስፓይደርማን 2» በቪዥዋል ኢፌክት ኦስካር ያሸነፈ ፊልም ነው፤ የባቡሩ ሲን ግን እስከ ዛሬ ያስጨንቀኛል። ዶክተር ኦክቶፐስ የባቡሩን መቆጣጠሪያ ሰብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚመታ ጠላት እንኳ የለም። ሐዲዱ ወደሚያልቅበት የሚከንፍ ባቡርና ውስጡ ያሉ ሰዎች ብቻ ናቸው የቀሩት። ስፓይደርማን መጀመሪያ በእግሩ ሊያቆመው ይሞክራል፣ አልሆነም። ቀጥሎ ግራና ቀኝ ሕንፃዎቹ ላይ ድሩን ወርውሮ ይይዛል። ልብሱ ይቀደዳል፣ ፊቱ ያለ ጭምብል በሥቃይ ይጨማደዳል፤ ባቡሩ ሲቆም ራሱን ስቶ ሊወድቅ ሲል ተሳፋሪዎቹ ይይዙታል። ያ ሁሉ ጉልበት ዋጋ እንዳስከፈለው በዓይናችን አየን። ሕንፃ ተደርምሶበት አቧራውን አራግፎ የሚነሳ ጀግና ግን ምን ያሰጋኛል?

ከቻልክ የሊፍቱን ሲን ዛሬ ማታ ድምፁን አጥፍተህ እየው። ዓይናቸውንና እጃቸውን ብቻ ተከተል፤ የመጀመሪያው ምት ከመሰንዘሩ በፊት ልብህ መምታት ይጀምራል።