ከጎጃም ባንኮክ የግል ጄት ልትከራዩ ላሰባችሁ

ወላጅ ለማሳከም ወይም የንግድ ጉዞ ለማድረግ ብለው ከዋሽንግተን፣ ከለንደንና ከዱባይ ገንዘብ አዋጥተው ጄት የሚከራዩ የጎጃም ቤተሰቦች መጀመሪያ የሚጠይቁት “ስንት ነው?” ብለው ነው። ከዚያ በፊት መጠየቅ ያለበት ግን “አውሮፕላኑ አሁን የት ነው የቆመው?” የሚለው ነው። ከባሕር ዳር ሞጣ ሚኒባስ በኮንትራት የያዘ ሰው ሹፌሩ ባዶውን የሚመለስበትንም እንደሚከፍል ያውቃል፤ ጄትም ከዚህ አይለይም። አውሮፕላኑ ዱባይ ካለ ባዶውን ቦሌ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከቦሌ ባንኮክ ስምንት ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከባንኮክ ባዶውን ዱባይ ለመመለስ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይበርራል። በሰዓት 10,000 ዶላር ብላችሁ ብታስቡ የአንድ መንገድ ጉዞ ብቻውን 185,000 ዶላር ይሆናል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ባንኮክ በቀጥታ ስለሚበርር የቢዝነስ ክፍል ትኬቱን በሰው ቁጥር አባዝታችሁ አስተያዩ። ሐኪም በመደበኛ በረራ እንዲሄድ ለፈቀደለት ታማሚ ጄት መከራየት በእኔ እይታ ገንዘብ ማባከን ነው።

ወሰናችሁ እንበል። ከቦሌ ባንኮክ ወደ 6,700 ኪሎ ሜትር ነው። ደላላ በርካሽ የሚያቀርበው ሌጋሲ 600 የተባለው ጄት በወረቀት ላይ እንኳ የሚበርረው 6,300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ አይደርስም። ቻሌንጀር 605 በወረቀት ይደርሳል፤ ቦሌ ግን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ጉልበት ያንሳቸዋል፤ አብራሪው ወይ ነዳጅ ወይ ሰውና ሻንጣ መቀነስ ይኖርበታል። ቀትር ላይ ሲሞቅ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ጋልፍስትሪም ጂ550፣ ግሎባል 6000 ወይም ፋልከን 7ኤክስ ጠይቁ፤ መነሻውንም ማታ ወይም ሌሊት አድርጉት። “በዚህ ሰው ቁጥርና በዚህ ሻንጣ ክብደት ከቦሌ ተነስቶ ያለማቋረጥ ይደርሳል” የሚል የጽሑፍ ማረጋገጫ ከደላላው ሳይሆን ከኦፕሬተሩ፣ ማለትም አውሮፕላኑን ከሚያበርረው ኩባንያ፣ ተቀበሉ። ሲመለስ፣ በተለይ በፈረንጆች ክረምት (ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ገደማ)፣ ነፋሱ ከፊት ስለሚመጣ ጊዜው ይረዝማል፤ የመልሱን ስሌት ለብቻው አሠሩ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የአብራሪዎቹን ሰዓት ነው። በአሜሪካ የቻርተር (የኪራይ በረራ) ደንብ ሁለት አብራሪዎች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 ሰዓት በላይ አይበርሩም፤ ሌሎች አገሮችም የየራሳቸው ገደብ አላቸው። ከላይ ያለውን ስሌት ተመልከቱት፦ ሦስት ተኩልና ስምንት ተኩል 12 ሰዓት ነው። እንግዲህ ወይ አውሮፕላኑ በዋዜማው አዲስ አበባ ገብቶ ያድራል፣ ወይ ሦስተኛ አብራሪ ይጨመራል። ሁለቱም ወጪ አላቸው። ዋጋው ውስጥ ካልተካተተ ወይ በኋላ ትጠየቃላችሁ፣ ወይ በረራው በመጨረሻው ሰዓት ይዘገያል።

“ለምን ከባሕር ዳር በቀጥታ አንነሳም?” የሚል ጥያቄ አይቀርም። የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ከቦሌ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ስለሆነ ለመነሳት እንኳ ይሻል ነበር። ግን ዘወትር የሚያስተናግደው የአገር ውስጥ በረራ ነው፤ ኢሚግሬሽንና ጉምሩክ፣ ነዳጅ፣ አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሳለ የሚሰጠው አገልግሎት ሁሉ አስቀድሞ በየፊናው መረጋገጥ አለበት። የውጭ አገር አውሮፕላን ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ተሳፋሪ ጭኖ ለማውረድም በመርህ ደረጃ አይፈቀድለትም፤ የአገር ውስጥ መጓጓዣ ለአገሬው ኩባንያ የተጠበቀ ነውና። ሰዎቻችሁን በመደበኛው በረራ አንድ ቀን ቀድማችሁ አዲስ አበባ አስገቡ። ከቡሬ፣ ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቢቸና በመኪና የሚመጣ ካለ ደግሞ መንገዱ ሊዘጋ ስለሚችል ሁለት ሦስት ቀን ጨምሩለት።

ደላላ አውሮፕላን የለውም፤ የሚያገናኝ ነው። የኦፕሬተሩን ስም፣ የአየር ኦፕሬተር ምስክር ወረቀቱን፣ የአውሮፕላኑን የምዝገባ ቁጥርና የመድን ሰነዱን በጽሑፍ ያልሰጠ ደላላ ቀብድ አይገባውም። ኦፕሬተሩ በአርገስ ወይም በዋይቨርን (የጄት ኦፕሬተሮችን ደኅንነት በሚመረምሩ ድርጅቶች) የተመረመረ መሆኑንም ጠይቁ። ዋጋው ላይ “በባለቤቱ ፈቃድ” የሚል ሐረግ ካያችሁ አውሮፕላኑ ገና አልተያዘላችሁም ማለት ነው፤ ብዙዎቹ ጄቶች የግለሰብ ንብረት ስለሆኑ ባለቤቱ ልጠቀምበት ካለ ይቀራል። ውሉ ላይ ሁለት አንቀጽ አጥብቃችሁ አንብቡ፦ አውሮፕላኑ ቢበላሽ ምትኩን ማን በማን ወጪ እንደሚያቀርብ፣ እናንተ ብትሰርዙ ለበረራው ስንት ቀን ሲቀር ስንት በመቶ እንደሚቆረጥ። ታማሚ ያለበት ጉዞ ቀኑ ሊቀየር ስለሚችል ያለ ቅጣት ቀን ማሻገርን ከመፈረማችሁ በፊት ተደራደሩበት።

የበረራና የማረፊያ ፈቃዱን የሚያስወጣው ኦፕሬተሩ ነው፤ እናንተ ግን የፓስፖርት ቅጂዎቹን ቢያንስ ከሁለት ሳምንት በፊት አድርሱለት። መዳረሻችሁ ባንኮክ ሳይሆን የቻይናዋ ጓንግዡ ከሆነ የጋባዥ ድርጅት ደብዳቤም ስለሚጠየቅ ጊዜ ጨምሩ። የስም ዝርዝሩ ላይ የአያት ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ይመሳሰል፤ የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር እንዳይላክ። ሰዓትም ያሳስታል፦ ውሉ ላይ 15:00 ዩቲሲ (በአቪዬሽን የሚሠራበት ዓለም አቀፍ ሰዓት) ከተባለ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ለአረጋውያኑ በእኛ ሰዓት ጽፋችሁ ስጧቸው። ታይላንድ ከኢትዮጵያ ለሚገባ መንገደኛ የቢጫ ወባ ካርድ ትጠይቃለች፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የተወጋ ሰው ችግር ይገጥመዋል። ቪዛውን በኢ-ቪዛ ቀድማችሁ ጨርሱ፤ የዲጂታል መግቢያ ካርዱን ደግሞ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት ሦስት ቀናት ውስጥ ሙሉ። የግል ጄት ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው በሱቫርናብሁሚ ሳይሆን በዶን ሙዋንግ ነው፤ ተቀባዩ መኪና ወደዚያ ይሂድ።

ታማሚ ካለ የሐኪም ማጠቃለያ ለኦፕሬተሩ ይላክ። በበረራ ላይ የካቢኑ አየር ብዙ ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለ አየር ጋር ይመጣጠናል። ለጤነኛው የደብረ ማርቆስ ሰው ይህ የየዕለት አየሩ ነው፤ ሳንባው ወይም ልቡ ለደከመ ግን ኦክስጅን ሊያስፈልገው ይችላል፤ የራስን ሲሊንደር ያለ ኦፕሬተሩ ፈቃድ መጫን አይቻልም። በቃሬዛ የሚተኛ ከሆነ ተራ ጄት አትከራዩ፤ ቃሬዛ የተገጠመለትና ሐኪም ያለበት የአየር አምቡላንስ ጠይቁ። ጾም ከሆነ የምግቡን ዝርዝር ከ48 ሰዓት በፊት ላኩ፤ “የጾም” ብቻ ብላችሁ አትለፉ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ የሌለበት ብላችሁ ዘርዝሩ።

ክፍያውን ከውጭ በባንክ፣ በውሉ ላይ በተጻፈው ኩባንያ ስም ብቻ አስተላልፉ፤ በመጨረሻው ሰዓት የተቀየረ የሒሳብ ቁጥር በኢሜይል ከመጣ ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ። የኢንተርኔቱንም ዋጋ ጠይቁ፦ አንዳንድ አውሮፕላን ላይ በሜጋባይት ስለሚታሰብ ልጆች ቪዲዮ ሲያዩ ካደሩ የሺህ ዶላር ሒሳብ ከበረራው በኋላ ይመጣል። የማትፈልጉት ከሆነ ከመነሳታችሁ በፊት አስዘጉት።